የተቃጠለ ደንገል ይመለሳል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከጣና ዳርቻ የተላኩና እሳት ስለበላው የደንገል (ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውኃ ዳር ተክል) ረግረግ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዓምዱን ቦታ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ የእንፍራንዝ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሰው ማሳውን ለማጽዳት የለኮሰው እሳት ከእጁ አምልጦ የሐይቁን ዳር ደንገል ሁለት ቀን ሙሉ ሲያነድደው ዋለ፣ አደረ። አባቴ «ደንገልን እሳት አይገድለውም፣ ራሱ ይነሣል» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እኅቴ ደግሞ በውጭ አገር በባሕር ጠረፍ የሚገኙ ጨዋማ ረግረጎች ከሰደድ እሳት በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት እንደሚያገግሙ መማሯን ነገረችን። ጎረቤታችን ግን መሬቱ አንዴ ከተከፈተ አይቀር ሽንብራ እንዝራበት እያለ ነው። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ አባትዎም እኅትዎም የያዙት እውነት ነው፤ ጎረቤትዎ ግን እሳቱ የተወውን ሊጨርሰው ተነሥቷል። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ከእኅትዎ ትምህርት ብነሣ ይሻላል።

ጨዋማ ረግረግ የሚባለው የባሕር ውኃ በየቀኑ እየሞላ የሚሸፍነውና መልሶ የሚለቀው፣ ጨው መቻል የሚያውቁ ሣሮችና ቁጥቋጦዎች ብቻ የሚበቅሉበት ጠፍጣፋ የጭቃ መሬት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ተከትለው በሉዊዚያና፣ በቴክሳስና በፍሎሪዳ የተዘረጉት ረግረጎች መብረቅ ሲያቃጥላቸው የኖሩ ናቸው፤ ከብት አርቢዎችና ለቆዳቸው ሲሉ የዱር እንስሳትን የሚያጠምዱ ሰዎችም ለምለም ሣር ለማግኘት ሆነ ብለው ሲያነድዷቸው ኖረዋል። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በዘለቀው ከባድ የሰደድ እሳት ወቅት በኒው ሳውዝ ዌልስ ጠረፍ የሚገኝ ጨዋማ ረግረግ ሳይቀር ተቃጥሏል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የታየው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ እሳቱ ሲያልፍ አፈሩ በውኃ የጠገበ ከነበረ ሣሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፣ ሽፋኑም በአንድ ወይም በሁለት የዕድገት ወቅት ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ሁሉም ሣር ግን እኩል አይፈጥንም፤ አንዳንዱ በዓመቱ ከቀድሞው ይልቅ ጠንክሮ ሲታይ፣ ሌላው ለዓመታት እንደቀጨጨ ይቆያል።

ሣሩን የሚያድነው እሳቱ የማይደርስበት አካሉ ነው። የጨዋማው ረግረግ ሣርም ሆነ የእኛ ደንገል ዋናው ሰውነቱ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ እንደ ዝንጅብል በአግድም እየተዘረጋ የሚሄድ፣ ምግብ የሚያከማች፣ ከየዓይኑ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣ የከርሰ ምድር ግንድ አለው። ከላይ የምናየው ዘንግ ቢቃጠልም በጋጣ ያለች ላም የታለበች ያህል ነው እንጂ የታረደች ያህል አይደለም። የእሳት ግለት ደግሞ በአብዛኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ታች የሚወርደውም ጥቂት ግለት እርጥብ ጭቃ ሲያገኝ ውኃውን በማትነን ያልቃል። በጣና ከፍታ፣ ይኸውም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ጭቃው ውኃው እስካላለቀ ድረስ ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም፤ ጥቂት ጣት ዝቅ ሲሉ ደግሞ ጭራሹን ቀዝቃዛ ነው። ባለፈው ዓመት ከዓባይ መውጫ ብዙም ሳይርቅ የተቃጠለ ደንገል ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ጥላሸቱ እስከ ጉልበቴ ለጥፎብኝ፣ ከቁርጭምጭሚት በማይበልጡት የከሰሉ ጉቶዎች መካከል እጄን ወደ ጭቃው ስሰድ ከላይ አመድ፣ ከሥሩ ግን እንደ ጉድጓድ ውኃ የቀዘቀዘ ነገር ነበር የነካሁት። ከዚያ ያወጣሁት ግንድ ከላዩ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ውስጡ እንደ ሸንኮራ ነጭና ጠንካራ ሲሆን፣ ከጎኑም እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ቡቃያ ወጥቶ ነበር። እሳቱ ካለፈ ገና አሥር ቀኑ ነበር።

እርስዎም ይህንኑ ፈተና በገዛ እጅዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከተቃጠለው ቦታ አራት ወይም አምስት ቦታ ቆፍረው ግንዱን ያውጡና በምላጭ ይቁረጡት። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ልል ሆኖ ክፉ ሽታ ካለው ግን ሞቷል።

ይህን አስቀድመው ያጣሩ የምልበት ምክንያት አለኝ። የአሜሪካ ረግረግ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የረግረግ እሳትን በሦስት ይለያሉ። የመጀመሪያው ውኃው ከላይ እያለ ሽፋኑን ብቻ የሚልሰው እሳት ነው። ሁለተኛው የላይኛው አፈር ደርቆ ሳለ የሚመጣውና ሥር የሚያቃጥለው ነው። ሦስተኛውና የሚፈራው ራሱን መሬቱን የሚበላው ነው፤ ረግረግ ለብዙ ዘመን ያከማቸው የሥርና የቅጠል ብስባሽ በደንብ ከደረቀ እንደ ኩበት ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ለሳምንታት ሊነድ ይችላል፣ ነበልባልም ላይታይበት ይችላል። እንዲህ ያለው እሳት የከርሰ ምድሩን ግንድ ያበስለዋል፤ መሬቱንም ዝቅ ስለሚያደርገው ውኃው ሲመለስ ቦታው ሣር የማይበቅልበት ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በሉዊዚያና አንዳንድ ኩሬዎች የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። የእርስዎ ደንገል በሁለት ቀን ነድዶ ከጠፋና ከዚያ በኋላ ከመሬቱ ጭስ ሲወጣ ካልታየ፣ እሳቱ ከመጀመሪያው ወይም ቢበዛ ከሁለተኛው ዓይነት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

እስካሁን አባትዎን ደግፌያለሁ፤ «ራሱ ይነሣል» የሚለው ንግግራቸው ግን አንድ የጎደለው ነገር አለው። የደንገልን ዘንግ የቆረጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የተሞላ ነው፤ ታንኳን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውም ይኸው አየር ነው። ለተክሉ ግን ይህ አየር የመተንፈሻ ቧንቧው ነው፤ በውኃ የተሞላ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ከመሬት በታች ያለው ግንድ የሚተነፍሰው ከውኃው በላይ በቆሙት ዘንጎች በኩል ነው። እሳት ዘንጎቹን እስከ ጉቶ ካወረዳቸው በኋላ አዲሱ ቡቃያ ሳይረዝም ውኃው ሞልቶ ጉቶውን ከሸፈነው ግንዱ ታፍኖ ይሞታል። በአሜሪካ ፊላ የተባለውን የረግረግ ተክል ከማይፈለግበት ቦታ ለማጥፋት የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው፦ ያቃጥሉታል ወይም ያጭዱታል፣ ከዚያም ውኃ ይለቁበታል። ጨዋማ ረግረግም ከተቃጠለ በኋላ ከፍ ያለ የባሕር ሙላት ለረጅም ጊዜ ከተኛበት በዚሁ መንገድ ይጎዳል።

በባሕሩና በጣና መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። የባሕር ውኃ በየቀኑ መጥቶ በየቀኑ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጉቶው ለሰዓታት ቢጠልቅም መልሶ ይተነፍሳል፣ ሙላቱም አዲስ ጭቃና የሣር ዘር ይዞለት ይመጣል። ጣና ግን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፣ ሲመጣም ለወራት ይተኛል። ሐይቁ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን ከሐምሌ ጀምሮ እየሞላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉን ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እሳቱ የተነሣበት ወር ከእሳቱ ብርታት ይልቅ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። በጥር የተቃጠለ ደንገል ውኃው እስኪመጣ አምስትና ስድስት ወር አለው፤ ርጥበት ካላጣ ለመርዘም ይበቃዋል። በግንቦት መጨረሻ የተቃጠለው ግን ክንድ እንኳ ሳይሞላ ውኃ ይቀድመዋል። የእርስዎ በሚያዝያ የተቃጠለ ስለሆነ መካከል ላይ ነው፤ ደንገል ከተመቸው በሦስት ወር ገደማ ሙሉ ቁመቱን ሊይዝ የሚችል ተክል በመሆኑ፣ ማንም ካልነካው ውኃውን ይቀድማል የሚል ተስፋ አለኝ። በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚበቅለው ደንገልማ ከሐይቁ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል የዚህ ሥጋት የለበትም።

ማንም ካልነካው ያልኩት ከብቱን አስቤ ነው። ከእሳት በኋላ የሚወጣው ቡቃያ የሚያድገው ከግንዱ በተበደረው ስንቅ ነው፤ ቅጠሉ ለምልሞ ብድሩን መመለስ የሚጀምረው ከፍ ካለ በኋላ ነው። በዚያ በበጋ ማለቂያ፣ ሌላው መሬት ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቡቃያ ለተራበ ከብት ከሩቅ ይጣራል። አንድ ጊዜ ቢጋጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሁለተኛ ሦስተኛ ከተጋጠ ግን ስንቁ ያልቃል። በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ ዳርቻ የነበረው ሰፊ ደንገል ውኃው በሸሸባቸው ዓመታት በጎሽና በከብት ግጦሽ፣ በእርሻም ምንጣሮ እጅግ ተመናምኗል። የተቃጠለውን ቦታ እስከ መስከረም ከከብት መጠበቅ ለመንደሩ ከባድ ቢሆንም ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ የሚበልጥ ውጤት ያለው ይህ ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። ባሕር ሸሽ እርሻ በጣና ዙሪያ የቆየ ነገር ነው፤ ሐይቁ ለቅቆት በሄደው እርጥብ ጭቃ ላይ ሽንብራና ጓያ መዝራት የደኻ ገበሬ ጥበብ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ቀድሞም ባዶ የነበረን ጭቃ መዝራትና ሥሩ ሕያው የሆነን ደንገል ማረስ አንድ አይደሉም። ማረሻ እሳት ያልደረሰበትን ግንድ ቆራርጦ ለፀሐይ ያሰጣዋል፤ በሁለት እርሻ የሚቀር ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውኃ መርከቦች መንቀሳቀስ እስኪሳናቸው ድረስ በወረደ ጊዜ ዳርቻው ሰፊ መሬት ሲገለጥ ብዙ ሰው ወርዶ አርሷል፤ ውኃው ሲመለስ እርሻው ቆመ፣ ደንገሉ ግን በየቦታው አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረጨራ የተሠራው የዓባይ መውጫ መቆጣጠሪያ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ አሞላልና አሸሻሽ ስለለወጡት፣ ዳርቻው አባትዎ በልጅነታቸው ያውቁት የነበረው ዳርቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። በባሕር ጠረፍ ጨው ራሱ ዘበኛ ነው፤ ቦታው በእሳት ቢገለጥም ጨው የማይችል አረም ሊገባበት አይችልም። እንዲያውም ጥላ ያጣው አፈር ውኃው እየተነነ ጨዉ ከላይ ስለሚጠራቀም ለጊዜው ለሣሩም ይከብደዋል። ጣና ጨው አልባ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም፣ ይህም ዘበኛ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭ ክፍት ቦታ የሚፈልግ ተክል ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል በማዕበል የሚገፋውን እምቦጭ ከዳር ሲያስቀር፣ የተቃጠለው ክፍተት ግን ይቀበለዋል። በክረምት ወደ ክፍተቱ የገባውን እምቦጭ በእጅ ለቅሞ ከውኃ አርቆ ማድረቅ የዚያን ዓመት ቡቃያ ከጥላ ያድነዋል።

ጥያቄ፦ ታንኳ ሠርቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምቆርጥበት ደንገል ከፊሉ ተቃጥሎ አሁን በቅሏል። በስንት ጊዜው ብቆርጠው አይጎዳም?

መልስ፦ ከእሳት በኋላ በመጀመሪያ የወጣው ዘንግ በአብዛኛው ቀጠን ያለና አጠር ያለ ስለሚሆን ለታንኳም ብዙ አያገለግልዎትም። በምሥራቅ አፍሪካ የታየው እንደሚያመለክተው ደንገል ሙሉ በሙሉ ከታጨደ በኋላ የቀድሞ ክብደቱን ለመመለስ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ቀድሞ ደጋግሞ መቁረጥ ልክ እንደ ግጦሹ ስንቁን ይጨርስበታል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ይታገሡትና ከዚያ በኋላም የበሰለውን፣ አናቱ ቡናማ መሆን የጀመረውን ብቻ እየመረጡ፣ ለጋውን እያለፉ ይቁረጡ። ሲቆርጡም ጉቶው ከውኃው በላይ እንዲቀር ያድርጉ፤ በክረምት ከውኃ በታች የተቆረጠ ደንገል ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ እንደነገርኩት ይታፈናል። እርስዎ ይህን ከእኔ ይልቅ ሳያውቁት አይቀሩም፤ የምጽፈው ከከተማ መጥተው በጅምላ ለሚያጭዱት ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ በቀበሌያችን ያለን ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተን በእሳት በተራቆተው የሐይቁ ዳር በመጪው ክረምት ችግኝ ለመትከል አስበናል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል። ሌላ የሚሻል ካለ ቢጠቁሙን።

መልስ፦ ሐሳባችሁን አደንቃለሁ፤ ባሕር ዛፉን ግን እዚያ አትትከሉት። ረግረግ ዛፍ የጎደለው ጫካ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ውኃውን እየመጠጠ ዳርቻውን ያደርቃል፣ የደረቀ ረግረግ ደግሞ በሚቀጥለው እሳት ከመሬቱ ጋር የሚነድደው ነው። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ከመመዝገቡ ምክንያቶች አንዱም ይኸው ረግረግና በውስጡ የሚኖሩት ወፎች ናቸው። ደን ለማልማት ከፈለጋችሁ ውኃው ከማይደርስበት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አገር በቀል ዛፍ ትከሉ፤ ከወንዝ የሚወርደውን ደለል ይቀንስላችኋል።

ዳርቻው ላይ መጀመሪያ ልታደርጉ የሚገባችሁ ግን መጠበቅ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የምላጭ ፈተና ግንዱ ሕያው ሆኖ ከተገኘ መትከል ድካም ብቻ ነው፤ እንዲያውም በእግራችሁ የምትረግጡት ቡቃያ ከምትተክሉት ይበልጣል። ግንዱ የሞተበት ቦታ ካለ ብቻ ከጤናማ ደንገል ጠርዝ፣ ባለቤቶቹንና የአካባቢውን አስተዳደር አስፈቅዳችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሕያው ቡቃያ ያለበት የክንድ ርዝመት ያህል ግንድ ከነሥሩ እየቆረጣችሁ አምጡ። ዘሩን መበተን አያዋጣም፤ ከመብቀሉ በፊት ክፍትና ዘወትር እርጥብ ጭቃ ይፈልጋል፣ ያንን የመሰለ ቦታ ደግሞ ከብትም አረምም ይሻማዋል።

በክረምት መትከሉን ተዉት። በሐምሌ የተተከለ ቁራጭ ሥር ሳይሰድ ውኃው ይሸፍነዋል ወይም ማዕበል ነቅሎ ይወስደዋል። ውኃው መሸሽ ሲጀምር፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ እስከ ግንቦት ርጥበቱ የማይጠፋ ዝቅተኛ ቦታ መርጣችሁ ትከሉ፤ ግንዱ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ቡቃያው ከውኃው በላይ ብቅ ይበል። የሚቀጥለው ሙላት እስኪደርስ ሰባት ወር ገደማ ይኖረዋል። ዙሪያውን በእሾህ አጥሩት፤ አጥሩንም ከሐይቁ በኩል ክፍት አድርጉት፣ አምባዛና ቆሮሶ የተባሉት ዓሦች ውኃው ሲሞላ በደንገሉ መካከል ይገቡበታል። አንድ እንጨት ተክላችሁ በየሳምንቱ ውኃው የደረሰበትን ቦታ በቢላ ምልክት አድርጉበት፤ በዓመቱ የትኛው ተክል ከውኃው በላይ እንደቀደመ፣ የትኛው እንደሰጠመ ከዚያ እንጨት ላይ ታነቡታላችሁ፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ተከላ ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።